አንድ ሉ ጌሪግ፣ አራት መጽሐፍ፦ ያገለገሉ የልጆች የቤዝቦል መጻሕፍት ሲገዙ የትኛው ያዋጣል?

ኢቤይ ወይም ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡበት ኤብቡክስ የተባለ ድረ ገጽ ላይ የቤዝቦል ተጫዋቹን «ሉ ጌሪግ» ብሎ የፈለገ ሰው የመጽሐፍ ክምር ይመጣለታል። ሽፋኑ ይለያያል፤ ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና ተነስቶ ብዙ አሥር ዶላሮች ድረስ ይወጣል፤ የሻጩ ቃል ግን ሁሉም ዘንድ አንድ ነው፦ «ቪንቴጅ፣ ብርቅ፣ ለሰብሳቢ የሚሆን»። ከክምሩ ውስጥ ርእሳቸው የተለያየ፣ ታሪካቸው ግን ያው የሆኑ ሁለት መጻሕፍት አሉ። ሁለት የተለያዩ መስለውት ሁለቱንም የሚገዛ ሰው አይጠፋም።

ጌሪግን ለማነጻጸሪያ የመረጥነው በእሱ ላይ የተጻፉት መጻሕፍት የዚህን ዘርፍ ዋና ዋና ዓይነቶች ስለሚያሳዩ ነው። በ1903 ኒው ዮርክ ውስጥ ከጀርመን ስደተኞች ተወለደ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፣ ከዚያ ያንኪስ የተባለው የኒው ዮርክ የቤዝቦል ቡድን ገባ። ከ1925 እስከ 1939 አንድም ጨዋታ ሳያመልጠው በተከታታይ 2,130 ጊዜ ተሰለፈ። ጡንቻን የሚያዝለው ኤኤልኤስ የተባለው በሽታ ከሜዳ አስወጣው፤ በጁን 2 ቀን 1941 በ37 ዓመቱ አረፈ። ልጅነቱ እጦት፣ ጉልምስናው ትጋት፣ ፍጻሜው ሐዘን፦ የልጆች መጽሐፍ አሳታሚዎች ከዚህ የተመቸ ታሪክ አያገኙም ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመነሻው አንድ ነገር ይያዝ። አራቱም መጻሕፍት የወጡት ጌሪግ ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ ከአራቱ በአንዱ ላይ «የጌሪግ ፊርማ አለበት» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ፊርማውን ለመመርመር አይድከሙ፤ ሐሰት ነው። ይህ ስሌት ለሌሎቹም ይሠራል። ሌላው የቤዝቦል ኮከብ ቤብ ሩት የሞተው በ1948 ነው፤ በ1954 ስለ እሱ በወጣ መጽሐፍ ላይ ሊፈርም አይችልም።

የ1942ቱ ሁለት መጻሕፍት

የመጀመሪያው የፍራንክ ግራሃም «ሉ ጌሪግ፦ ኤ ኳየት ሂሮ» ነው፤ አሳታሚው ፑትናም። ግራሃም የኒው ዮርክ የስፖርት ጋዜጠኛ ስለነበር ያንኪስን የሚያውቀው ከቅርብ ነው። አጻጻፉ ረጋ ያለ ነው፤ ከ12 ዓመት በላይ ላለ አንባቢ ይስማማል። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ከአራቱ ቀድሞ የሚመረጠው ይሄ ነው።

ችግሩ ለሰብሳቢ ነው። መጽሐፉ ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ ታትሟል፤ የቅጂ መብቱ ዓመት ግን በሁሉም ላይ ያው 1942 ነው። ሻጩ ገጹን ከፍቶ «1942» የሚል ሲያይ «የመጀመሪያ እትም» ብሎ ይጽፋል። የቅጂ መብት ዓመት ጽሑፉ መቼ እንደተመዘገበ ይናገራል እንጂ በእጅዎ ያለው ቅጂ መቼ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ አይናገርም። ስንተኛ ኅትመት እንደሆነ የሚገልጽ መስመር ካለ በዚያው ገጽ ላይ ይገኛል። የገጹን ፎቶ ሳያዩ ለመጀመሪያ እትም ዋጋ አይክፈሉ።

ሁለተኛው የፖል ጋሊኮ ነው። ጋሊኮ ጋሪ ኩፐር ጌሪግን ሆኖ የተወነበትን የ1942 ፊልም መነሻ ታሪክ የጻፈ ሰው ነው፤ መጽሐፉም በዚያው ዓመት በግሮሴት ኤንድ ደንላፕ ወጣ። አጠር ያለ ነው፣ ስሜት ይጎላበታል፣ ፎቶዎችም አሉት። የልጅ መጽሐፍ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ አዋቂም ወጣትም ገዝቶታል።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ደንብ ይሰበራል። ግሮሴት በአብዛኛው ሌላ አሳታሚ ያወጣውን መጽሐፍ በርካሽ ደግሞ የሚያትም ድርጅት ስለነበር ሰብሳቢዎች ስሙን ሲያዩ «ድጋሚ ኅትመት ነው» ብለው ያልፋሉ። ደንቡ ለብዙ መጽሐፍ ልክ ነው። ለጋሊኮው ጌሪግ ግን ልክ አይደለም፤ ዋናው አሳታሚ ራሱ ግሮሴት ነው። ደንቡን በግማሽ የሚያውቅ ሻጭ ጥሩ ቅጂ አርክሶ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው ደግሞ የድሮ ፊልም ቅርስ የሚሰበስቡ ሰዎችም ስለሚፈልጉት ጃኬቱ ደህና ከሆነ ፉክክሩ ይበረታል። (ጃኬት የምንለው ጠንካራውን ሽፋን የሚያለብሰውን የወረቀት መጠቅለያ ነው።)

ሁለቱም የጦርነት ጊዜ መጻሕፍት ናቸው። ከ1942 በኋላ አሜሪካ ውስጥ በወረቀት ላይ ቁጥጥር ስለነበር በእነዚያ ዓመታት የታተሙ ቅጂዎች ወረቀታቸው ሳሳ ይላል፣ ቶሎም ይጠወልጋል። ጠርዙን በጣት ሲያጥፉት የሚሰበር ከሆነ ልጅ ደጋግሞ የሚያነበው መጽሐፍ አይሆንም፤ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

ብርቱካናማው መጽሐፍ እና ስሙን የቀየረው መንታ

ሦስተኛው አሜሪካ ውስጥ የብዙ ሰው ልጅነት ትዝታ ነው። የኢንዲያናፖሊሱ ቦብስ-ሜሪል ከ1932 ጀምሮ የታወቁ አሜሪካውያንን ልጅነት የሚተርክ ተከታታይ መጽሐፍ ያወጣ ነበር። የቀደሙት ቅጂዎች በብርቱካናማ ጨርቅ የተጠረዙ፣ ሥዕላቸውም እንደ ጥላ ጥቁር ብቻ ስለነበር ሰው «ብርቱካናማዎቹ» እያለ ነው የሚጠራቸው። ጌሪግን ጌርንዚ ቫን ራይፐር ጻፈው፤ በ1949 «ሉ ጌሪግ፦ ቦይ ኦቭ ዘ ሳንድ ሎትስ» ተብሎ ወጣ። ያው ደራሲ በ1954 «ቤብ ሩት፦ ቤዝቦል ቦይ»ን፣ በ1956 ደግሞ ስለ ጂም ቶርፕ ጻፈ። ቶርፕ በኦሊምፒክ ቢታወቅም ለኒው ዮርክ ጃያንትስ ቤዝቦል የተጫወተ ሰው ነው።

ይህ መጽሐፍ ከ8 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ነው። ፊደሉ ደለብ ያለ፣ ምዕራፉ አጭር፣ ንግግሩ ብዙ ነው። ንግግሩ ግን ፈጠራ ነው፤ የሰባት ዓመቱ ሉ ከእናቱ ጋር ያወራውን የመዘገበ ማንም የለም። ታሪኩ በአብዛኛው የሚያተኩረው በልጅነቱ ላይ ስለሆነ ዝናው የሚመጣው መጨረሻ አካባቢ በጥድፊያ ነው። ለትምህርት ቤት ጽሑፍ ማስረጃ የሚፈልግ ልጅ ይህን ይዞ ከሄደ መምህሩ ይመልሰዋል። የማንበብ ፍቅር እንዲይዘው ከተፈለገ ግን የሚያህለው የለም።

አራተኛው ይኸው ሦስተኛው ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ማክሚላን ቦብስ-ሜሪልን ገዛ፤ ከ1986 ጀምሮ አላዲን በሚለው ስሙ ተከታታዩን በለስላሳ ሽፋን መልሶ ማተም ጀመረ። ያን ጊዜ ርእሶቹ ተለወጡ። የጌሪግ «ዋን ኦቭ ቤዝቦልስ ግሬተስት» ሆነ፤ የቤብ ሩትም እንዲሁ። የቶርፑ «ኢንዲያን አትሌት» የነበረው «ኦሊምፒክ ቻምፒየን» ተባለ። ደራሲው ያው፣ ታሪኩም ያው ነው። ስለዚህ ሲገዙ ርእሱን ትተው የደራሲውን ስም ያመሳስሉ፤ ቫን ራይፐር የሚል ሁለት ጌሪግ ካዩ አንድ መጽሐፍ ነው።

የትኛው ያዋጣል? ለልጅ ንባብ አላዲኑ ይበቃል፤ ጥቂት ዶላር ነው፣ ቢቀደድም አያስቆጭም። ጉዳቱ ጀርባው በሙጫ ብቻ የተያያዘ መሆኑ ነው። ሙጫው በዕድሜ ይደርቃል፤ መሐሉን ጫን ብለው ሲከፍቱት ይሰነጠቅና ገጾቹ በቡድን በቡድን ይወልቃሉ። የ1949ኙ በክር የተሰፋ ነው፤ ሽፋኑ ቆሽሾ ገጹ ግን ጥብቅ ብሎ ያገኙታል። የብርቱካናማው ቅጂ ከቤተ መጻሕፍት የወጣ ከሆነ ዋጋው ከአዲስ ልጆች መጽሐፍ ብዙም አይበልጥም፤ ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ጨምረው እሱን ይውሰዱ። ስጦታ ከሆነ ያለ ጥያቄ ብርቱካናማው ነው፤ ለስጦታ አላዲንን ጠቅልሎ መስጠት አይቀርብም።

አንድ ነገር በአራቱም ላይ ለልጁ መንገር ያስፈልጋል። የ2,130 ጨዋታው ክብረ ወሰን በሴፕቴምበር 6 ቀን 1995 በባልቲሞሩ ካል ሪፕከን ተሰብሯል። አራቱም ከዚያ በፊት የተጻፉ ናቸው።

ገና እየተጫወተ ያለ ሰው የሕይወት ታሪክ

ከጌሪግ ወጣ ስንል ሌላ ዓይነት ይገጥመናል። የኒው ዮርኩ ጁሊያን ሜስነር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች የቤዝቦል ኮከቦችን ታሪክ በጠንካራ ሽፋን በተከታታይ ያወጣ ነበር። ጂን ስኩር እና ሚልተን ሻፒሮ ብዙዎቹን ጽፈዋል። ከቦብስ-ሜሪሉ የሚለየው ሙያውን መተረኩ ነው፦ ወቅቱን በወቅቱ፣ ውድድሩን በውድድሩ። ልጁ ቁጥር የሚወድ፣ የተጫዋቾችን አኃዝ በቃሉ የሚይዝ ከሆነ ሜስነር ይሻለዋል።

ግን ብዙዎቹ የተጻፉት ኮከቡ ገና ሜዳ ላይ እያለ ነው። ገዢው ይህን ካላስተዋለ ያዝናል። የሻፒሮ የዊሊ ሜይስ መጽሐፍ በ1960 ወጣ፤ ሜይስ እስከ 1959 መጨረሻ የመታው ሆም ራን (ብዙ ጊዜ ኳሱን ከሜዳ የሚያስወጣው ትልቁ ምት) 250 ነበር፣ ሲያበቃ ግን 660 ደርሷል። የሀንክ አሮን መጽሐፍ በ1961 ሲወጣ አሮን 219 ላይ ነበር፤ የቤብ ሩትን 714 ያለፈው በኤፕሪል 8 ቀን 1974 ነው፣ በ755 ጨረሰ። ማለት አሮን ማን እንደሆነ ለልጅዎ ለማሳየት ይህን ከገዙ ትልቁ ቀን መጽሐፉ ውስጥ የለም። የስኩር የቴድ ዊሊያምስ መጽሐፍ 1954 ነው፤ ዊሊያምስ በመጨረሻ ምቱ ሆም ራን መትቶ የተሰናበተው በ1960 ነው። የስታን ሙዚያሉ 1955 ነው፤ ሰውየው እስከ 1963 ተጫወተ።

ከዚህ የሚያመልጠው የጃኪ ሮቢንሰኑ ነው። በኤፕሪል 15 ቀን 1947 ለጥቁር ተጫዋቾች የትልቁን ሊግ በር የከፈተው ሮቢንሰን የ1956 ውድድር ካበቃ በኋላ ጨዋታ አቆመ፤ የሻፒሮ መጽሐፍ የወጣው በ1957 ነው። የጨዋታ ዘመኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊገባበት ችሏል። ሜስነር አንድ ብቻ ይገዛ ቢባል እሱን እንመርጣለን።

ለሰብሳቢ ግን ይኸው ጉድለት መስህብ ሊሆን ይችላል። ደራሲው የ26 ወይም የ29 ዓመት ልጅ ወዴት እንደሚደርስ ሳያውቅ የጻፈው ነውና የዘመኑን ግምት ያያሉ። ይህን የሚወድ ሰው የመጀመሪያውን ኅትመት ይፈልግ፤ ተሸጦ የቆየ መጽሐፍ በኋላ ሲታተም ምዕራፍ ሊጨመርበት ወይም መጨረሻው ሊለወጥ ስለሚችል የገጹን ቁጥር ከሌላ ቅጂ ጋር ያስተያዩ።

የሜስነር ዋና ደንበኛ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ከሚገኙት ብዙዎቹ ማኅተም ያረፈባቸው፣ የካርድ ኪስ የተለጠፈባቸው፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ናቸው። ማስታወቂያው ላይ «ኤክስ-ላይብረሪ» ሲል ይህን ማለቱ ነው። አንባቢን አይጎዳም፤ እንዲያውም የቤተ መጻሕፍት ጥራዝ ጠንካራ ነው። ለሰብሳቢ ግን ዋጋውን በጣም ይጥላል፤ ኋላ ሲሸጡም ያው ችግር ይጠብቅዎታል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ላሉ ቤተሰቦች ደግሞ አንድ መጽሐፍ በተለይ ይጠቀሳል። ቤተስዳ የሚገኘው ዋልተር ጆንሰን ሃይስኩል የተሰየመበት ሰው ከ1907 እስከ 1927 ለዋሽንግተን ሴናተርስ የወረወረ፣ 417 ጨዋታ ያሸነፈ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ነው። ሮጀር ትሪት በ1948 በሜስነር ስለ እሱ ጽፏል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚማሩ የሐበሻ ልጆች የትምህርት ቤቱን ስም በየቀኑ ይጠራሉ፤ ሰውየው ማን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ጆንሰን በ1946 ስለሞተ እዚህም ላይ ፊርማ የለም።

ከ1930 በፊት ስላሉት ባጭሩ

በቤዝቦል ተጫዋቹ በክሪስቲ ማቲውሰን ስም ከ1910 ጀምሮ የልጆች የቤዝቦል ልብ ወለዶች ወጥተዋል። ቤብ ሩትም በ1920 «ዘ ሆም ራን ኪንግ» የሚል ልብ ወለድ ላይ ስሙ አለ። የጻፉት ጋዜጠኞች ናቸው፤ ኮከቡ ስሙን አከራየ። የማቲውሰን «ፒቺንግ ኢን ኤ ፒንች» (1912) ልብ ወለድ አይደለም፣ የእሱ ትዝታ ነው፤ እሱንም ቢሆን ብዕሩን የያዘለት ጆን ዊለር የተባለ ጋዜጠኛ ነው። ይህ መጽሐፍ በፑትናም፣ በግሮሴት፣ በቦይ ስካውት እትምም ስለሚገኝ ሦስቱን ሳይለዩ ዋጋ ማወዳደር አይቻልም። ወደዚህ ዘመን ለመግባት መጀመሪያ ጥቂት ርካሽ መጻሕፍት ላይ ዓይንን ማለማመድ ይሻላል። ልጅ እንዲያነበው አንመክርም፤ እንግሊዝኛው አርጅቷል፣ ወረቀቱም ደክሟል።

ቅጂው መቼ እንደታተመ እንዴት ይታወቃል?

አሳታሚው በግልጽ ካልጻፈው መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። ቦብስ-ሜሪል ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ኅትመት ላይ «ፈርስት ኤዲሽን» ይል ነበር፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ቃሉ ከሌለ ከፊት፣ ከኋላ ወይም ጃኬቱ ላይ ያለውን የተከታታዩን መጻሕፍት ዝርዝር ያንብቡ። የ1949ኙ ጌሪግ ዝርዝር ውስጥ የቤብ ሩት መጽሐፍ ካለ ቅጂው ከ1954 ወዲህ የታተመ ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ይበል። ይህ ከሁሉ የማይዋሽ ምልክት ነው፤ አንድ ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

ሌሎችም አሉ። በአሳታሚው አድራሻ ውስጥ ባለ አምስት አኃዝ ዚፕ ኮድ ካለ ከ1963 በኋላ ነው፣ ዚፕ ኮድ የተጀመረው ያኔ ስለሆነ። ባለ አሥር አኃዝ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ካለ ከ1970 ገደማ ወዲህ ነው። ከኋላ ባርኮድ ካለ ከዚያም ይዘገያል። ከ1 እስከ 10 የተደረደረ የቁጥር መስመር ካለ በመስመሩ ውስጥ ትንሹ ቁጥር ስንተኛ ኅትመት እንደሆነ ይነግራል፤ 4 ትንሹ ከሆነ አራተኛ ነው።

ጃኬቱና መጽሐፉ የተጋቡትም መቼ እንደሆነ ያጣሩ። የቀደመ ቅጂ ላይ ከኋለኛ ኅትመት የተወሰደ ጃኬት ማልበስ የተለመደ ነው። የጃኬቱ ጀርባ ከመጽሐፉ በኋላ የወጡ ርእሶችን የሚያስተዋውቅ ከሆነ ሁለቱ አብረው አልተወለዱም። በኮምፒውተር የተባዛ ጃኬትም አለ፦ ወረቀቱ ነጭ ነው፣ በማጉያ ሲታይ ቀለሙ የተረጨ ይመስላል፣ እጥፋቱ ላይም የመበላት ምልክት የለውም። ሻጩ የተባዛ መሆኑን ከጻፈ ነውር የለውም፤ ዋጋው ግን ጃኬት እንደሌለው መሆን አለበት። ጥጉ በሰያፍ የተቆረጠ ጃኬት ብዙ ጊዜ የታተመበት ዋጋ ተቆርጦ ለስጦታ የተሰጠ ነው፤ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ አያበላሽም።

ከመክፈል በፊት የሚጠየቅ

ማስታወቂያው ላይ «ቬሪ ጉድ፣ ስላሽ፣ ጉድ» የሚል ካለ የፊተኛው ስለ መጽሐፉ፣ የኋለኛው ስለ ጃኬቱ ነው። «ጉድ» በመጽሐፍ ነጋዴ አፍ ጥሩ ማለት አይደለም፤ ያረጀ ግን ሙሉ የሆነ ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ የሚገዙ ብዙ ናቸው።

አምስት ፎቶ ይጠይቁ፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ የቅጂ መብት ገጹን፣ የጃኬቱን ሁለት እጥፋት፣ እና መሐሉ ተከፍቶ ስፌቱ የሚታይበትን። የጀርባው ፎቶ ግድ ነው። ብርቱካናማው ጨርቅ ፀሐይ ይጠላል፤ ፊቱ ደማቅ ሆኖ ጀርባው እንደ ገለባ የነጣ ብዙ ነው፣ ሻጭ ደግሞ ፊቱን ብቻ ያሳያል። የልጅ መጽሐፍ መሆኑንም አይርሱ፦ የክሬዮን ጭረት፣ የተቀደደ የመጀመሪያ ገጽ፣ የተቆረጠ ፎቶ። ፎቶ ያለበት መጽሐፍ ከሆነ «ፎቶዎቹ ሙሉ ናቸው ወይ?» ብለው በቁጥር ያስመልሱ፤ የኮከብ ፎቶ ቆርጦ ደብተር ላይ መለጠፍ የልጅ ወግ ነው። በመጨረሻም ስለ ሽታ ይጠይቁ። ፎቶ ሲጋራንና የምድር ቤት እርጥበትን አያሳይም።

ዋጋ ሲያመዛዝኑ የተለጠፈውን ሳይሆን የተሸጠውን ይዩ። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ፤ ወደ ኋላ ሦስት ወር ያህል ይወስዳል። ሻጭ 80 ዶላር ጠይቆ ሁለት ዓመት የሚቆይ መጽሐፍ ዋጋው 80 አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ርካሹ መላኪያ የፖስታ ቤቱ ሚዲያ ሜይል ነው። ዘገምተኛ ነው፣ ለመጽሐፍ ግን የተሠራ ነው። ሻጩ ከመጽሐፉ ጋር የቤዝቦል ካርድ መርቄያለሁ ካለ በዚህ መንገድ መላክ አይፈቀድም፤ ፖስታ ቤቱ ከፍቶ የማየት መብት ስላለው ተጨማሪ ሒሳብ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አገልግሎቱ ከአሜሪካ አይወጣም። ለንደን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ላለ ሰው የአንድ መጽሐፍ መላኪያ ከመጽሐፉ ይበልጣል፤ አሜሪካ ያለ ዘመድ ቤት አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ማስላክ ወይም በሻንጣ ማስመጣት ነው የሚያዋጣው። እንዲህ ያለ ጠንካራ ሽፋን መጽሐፍ 400 ግራም ገደማ ይመዝናልና 23 ኪሎ ሻንጣ የራሱ ክብደት ተቀንሶ 45 ያህል ይይዛል። ጠርዝ ለጠርዝ አጋድመው ይደርድሩ፤ ከቆሙ ጀርባቸው ይጣመማል።

ከመጣ በኋላ

ከሌሎች መጻሕፍት ጋር ወዲያው አይቀላቅሉት። የሻጋታ ጥርጣሬ ካለ ለብቻው ደረቅና ነፋሻ ቦታ ይቆይ። ወረቀት የሚበላ ነፍሳት ከታየ በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቀው ዘግተው ሁለት ሳምንት ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡት፤ ሲያወጡ ከረጢቱን ሳይከፍቱ አንድ ቀን ይቆይ፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ለሽታ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በሳህን አድርገው መጽሐፉን ዱቄቱ ሳይነካው አንድ ሁለት ሳምንት ይተዉት። ሽቶ አይርጩ፤ ሁለት ሽታ ነው የሚሆነው።

የጨርቅ ሽፋን በእርጥብ ነገር አይጠረግ። ብርቱካናማው ቀለም ሊለቅ ይችላል፣ ከለቀቀ ደግሞ አይመለስም። ደረቅ ለስላሳ ነጭ ላጲስ የገጾቹን ጠርዝ ያጠራል። የተቀደደ ጃኬት ላይ ተራ ስኮች ቴፕ አይለጥፉ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይጠቁርና ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ይልቅ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበትን ማይላር የተባለ ግልጽ መሸፈኛ የጃኬቱን ቁመት ለክተው ይግዙ። መጠኑ በቁመት ነው የሚሸጠው፣ የቦብስ-ሜሪሎቹ ደግሞ ከሜስነሮቹ አጠር ይላሉ፤ ለሁለቱ አንድ መጠን ገዝተው ከሆነ አንደኛው ይተርፋል ወይም ይጎድላል።